ስድስት ወር ለሰው፣ ስድስት ወር ለአማልክት

በየዓመቱ በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት መግቢያ፣ በሰሜን ሕንድ ናሬንድራናጋር በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ካህናትና ኮከብ ቆጣሪዎች በቀድሞው የቴህሪ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ይሰበሰባሉ። የንጉሣዊውን ቤት አውራ ኮከብ ይቆጥራሉ፣ የጨረቃውን አቆጣጠር ያመሳክራሉ፣ ከዚያም የባድሪናት ቤተ መቅደስ ደጅ በየትኛው ቀንና በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ያውጃሉ። ቴህሪ እ.ኤ.አ. በ1949 ከሕንድ ጋር ተቀላቅላ መንግሥትነቷ አብቅቷል፤ ቀጠሮ የመቁረጡ ሥልጣን ግን ዛሬም የዚያ ቤት ነው። ቀኑ ሲቃረብ ባለትዳር ሴቶች በቤተ መንግሥቱ ተሰባስበው ሰሊጥ ይጨምቃሉ። ዘይቱ በማሰሮ ተሞልቶ በሰልፍ ወደ ተራራው ይጓዛል። አምላኩ በአዲሱ ወቅት የሚቀባው በዚህ ዘይት ነው።

ባድሪናት ሂንዱዎች «ቻር ዳም» ከሚሉት የአራት ቤተ መቅደሶች ጉዞ የመጨረሻው መድረሻ ነው። ሦስቱ ያሙኖትሪ፣ ጋንጎትሪና ኬዳርናት ይባላሉ። አራቱም በሂማላያ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ራሱን ችሎ ክልል በሆነው በኡታራክሃንድ ይገኛሉ፤ አራቱም ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትርን ያልፋሉ። በዚህ ከፍታ በእኛ ደጋ ገብስ ይዘራል። ሂማላያ ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን የራቀ በመሆኑ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ድረስ ስፍራው በበረዶ ይዋጣል። ስለዚህ ቤተ መቅደሶቹ የዓመቱን ግማሽ ያህል ተዘግተው ይከርማሉ።

ስለዚህ ጉዞ የሚያወሩ ብዙዎች ስለሚከፈተው ደጅ ይናገራሉ። እኔ ግን የጉዞው ሥርዓት የሚገለጠው በሚዘጋው ደጅ ነው እላለሁ። ማን መቼ እንደሚወጣ፣ ማን የት እንደሚያድር፣ ተራራው ምን ያህል ሰው እንደሚሸከም ለብዙ መቶ ዓመታት የወሰነው መዝጊያው ነው። ዛሬ በአካባቢው የሚካሄደው ክርክር ሁሉ፣ ስለ አስፋልት ይሁን ስለ ሄሊኮፕተር፣ ሥሩ ሲታይ ስለዚህ መዝጊያ ነው።

አማልክት ወደ ቆላ ሲወርዱ

የመዝጊያው ሥርዓት የሚጀምረው ዲዋሊ ከተባለው የብርሃን በዓል ማግስት፣ ብዙውን ጊዜ በጥቅምት ወር ነው። ቀድማ የምትዘጋው ጋንጎትሪ ናት። ቀጥሎ፣ እኅቶች ለወንድሞቻቸው ደኅንነት በሚጸልዩበት ባይ ዱጅ በተባለው በዓል፣ ያሙኖትሪና ኬዳርናት ይዘጋሉ። ባድሪናት ከሁሉም ዘግይቶ በኅዳር ይዘጋል።

ደጁ ሲዘጋ አምልኮው አይቋረጥም፤ ቦታ ይለውጣል። የያሙኖትሪዋ አምላክ የያሙና ምስል በቃሬዛ መሰል ወንበር ላይ ሆና ካርሳሊ ወደተባለች መንደር ትወርዳለች። የጋንጎትሪዋ ጋንጋ ወደ ሙክባ መንደር ትሄዳለች። የኬዳርናት ሺቫ አምስት ፊት ባለው ምስሉ ተወክሎ፣ በሰው ትከሻ ለቀናት ተጉዞ ኡኪማት ይደርሳል፤ የበረዶውን ወራት የሚያሳልፈው እዚያ ነው። የባድሪናት ቪሽኑ አምልኮ ደግሞ በፓንዱኬሽዋርና በጆሺማት ይቀጥላል። ከስፍራቸው የማይነሡት በኬዳርናት የሚመለከው ድንጋይና የባድሪናቱ ዋና ምስል ብቻ ናቸው።

ይህ የአማልክት ጉዞ ከሰማይ የወረደ ደንብ አይመስልም፤ የተራራው ሰው አኗኗር ነው። ከባድሪናት ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በቲቤት ወሰን አቅጣጫ፣ ማና የተባለች መንደር አለች። ነዋሪዎቿ ቦቲያ የሚባሉት በግ አርቢዎችና ሸማኔዎች ናቸው። እነርሱም በረዶው ሲመጣ ከብታቸውን ነድተው፣ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ዝቅተኛው ሸለቆ ይወርዳሉ፤ ሲቀልጥ ይመለሳሉ። የአማልክቱና የእረኛው የቀን መቁጠሪያ አንድ ነው።

የባድሪናት የመዝጊያ ሥርዓት ደግሞ ሙሉ የቤተሰብ ታሪክ ነው። ደጁ ክፍት በሆነበት ወቅት ከቪሽኑ አጠገብ የሚቀመጠው ወዳጁ ኡዳቫ ነው። የቪሽኑ ሚስት ላክሽሚ ውጭ በራሷ ቤተ መቅደስ ትቆያለች። በመዝጊያው ቀን ላክሽሚ ወደ ውስጥ ገብታ ከባሏ ጋር የበረዶውን ወራት ልታሳልፍ ይገባል። ነገር ግን ኡዳቫ በዕድሜ እንደ ባል ታላቅ ወንድም ስለሚቆጠር፣ እርሱ ባለበት ከባሏ ጎን መቀመጥ ነውር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኡዳቫ ይወጣል። ላክሽሚን የሚያስገባት ራዋል የተባለው ሊቀ ካህን ነው፤ ወንድ እንዳይነካት የሴት ልብስ ለብሶ እንደ ጓደኛዋ ሆኖ ይሸከማታል። በመጨረሻም የማና ሴቶች በእጃቸው የሠሩት የሱፍ ብርድ ልብስ በንጥር ቅቤ ተነክሮ በምስሉ ላይ ይደረባል። መብራት ይለኮሳል፤ ደጁ ይታሸጋል።

በባድሪናት እምነት ስድስቱን ወር ሰው ያመልካል፣ ስድስቱን ወር ደግሞ በሰማያዊው ጠቢብ በናራዳ መሪነት አማልክት ያመልካሉ። በሚያዝያ ወይም በግንቦት ደጁ ሲከፈት ካህናቱ ቀድመው የሚመለከቱት ብርድ ልብሱን ነው። ቅቤው ሳይደርቅ ከተገኘ ለአገሩ መልካም ዘመን ይሆናል ይባላል። ሰው የሌለበት ወቅት ባዶ አይደለም፤ ባለቤት አለው። ይህ እምነት ምእመኑ በዚያ ጊዜ ተራራውን ለመተው ምክንያት ሆኖት ኖሯል።

ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ

ጉዞው በባህሉ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፣ ቅዱስ ነገርን በቀኝ አድርጎ እንደ መዞር ነው። መነሻው የጋንጋ ወንዝ ከተራራ ወደ ሜዳ በሚወጣባቸው በሃሪድዋርና በሪሺኬሽ ከተሞች ነው።

የመጀመሪያዋ ያሙኖትሪ ናት። መኪና የሚደርሰው ጃንኪ ቻቲ ድረስ ሲሆን ከዚያ በኋላ ያለው አምስት ስድስት ኪሎ ሜትር የእግር ዳገት ነው። ያሙና የፀሐይ ልጅ፣ የሞት አምላክ የያማ እኅት ናት። በትውፊቱ ያማ አንድ ቀን እኅቱን ሊጠይቅ መጣ፤ እርሷም ጥሩ አድርጋ ስላስተናገደችው፣ በውሃዋ የታጠበ ሰው ክፉ አሟሟትን እንዳይፈራ ቃል ገባላት። ቤተ መቅደሷ በወንድምና እኅት በዓል መዘጋቷ ከዚህ ይመነጫል። ከደጃፏ የሚፈልቀው ፍል ውሃ እጅግ ስለሚያቃጥል፣ ተሳላሚዎች ሩዝና ድንች በስስ ጨርቅ ቋጥረው ነክረው ያበስላሉ፤ የበሰለውን በረከት አድርገው ለቤተሰብ ይወስዳሉ።

ጋንጎትሪ የጋንጋ መውረጃ ናት። ሳጋራ የተባለ ንጉሥ 60,000 ልጆቹ የአንድ ባሕታዊን ቁጣ ቀስቅሰው አመድ ሆኑበት። የልጅ ልጆቹ ወገን የሆነው ባጊራት ዙፋኑን ትቶ በበረሃ ተጋድሎ ያዘ፤ ጋንጋ ከሰማይ ወርዳ አመዱን ካላጠበች ነፍሳቸው አያርፍም ነበርና። አወራረዷ ምድርን እንዳይሰነጥቅ ሺቫ በጠጉሩ ተቀበላት። ዛሬ የሚታየውን ቤተ መቅደስ ያሠራው የጉርካው የጦር አዛዥ አማር ሲንግ ታፓ እንደሆነ ይታመናል። የወንዙ በዓይን የሚታይ ምንጭ ጋውሙክ ላይ ነው፤ ከቤተ መቅደሱ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ፣ ከጋንጎትሪ የበረዶ ግግር አፍ። ይህ ግግር ባለፉት ትውልዶች ወደ ኋላ ሲሸሽ ቆይቷል። ብዙ ተሳላሚዎች ከያሙኖትሪና ከጋንጎትሪ የቀዱትን ውሃ ይዘው ኬዳርናት ባለው ድንጋይ ላይ ያፈስሱታል፤ አራቱን ስፍራ በአንድ ክር የሚያስተሳስረው ይህ ውሃ ነው።

ኬዳርናት 3,583 ሜትር ላይ ነው። ከጋውሪኩንድ ተነሥቶ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ይወጣል፤ በዚያ ርቀት ውስጥ ተጓዡ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አቅም ያነሰው በበቅሎ፣ ወይም አራት ሰው በሚሸከመው ወንበር፣ ወይም አንድ ሰው በጀርባው በሚያዝለው ቅርጫት ይሄዳል። ከላይ የሚጠብቀው እንደ ሌላው የሺቫ ስፍራ የተስተካከለ ዓምድ ሳይሆን ሻካራ፣ ሦስት ማዕዘን መሳይ አለት ነው። በጥንታዊው የማሃባራታ ተረክ የሚታወቁት አምስቱ የፓንዳቫ ወንድማማቾች በጦርነት ዘመዶቻቸውን ፈጅተው ሲያበቁ፣ ከደሙ ለመንጻት ሺቫን ፍለጋ ወጡ። ሺቫ ሊያያቸው አልፈለገም። በሬ ሆኖ ተሸሸገ፤ ከወንድማማቾቹ አንዱ ቢማ ሊይዘው ሲል ምድር ውስጥ ሰጠመ፤ ሻኛው ብቻ በኬዳርናት ቀረ። ሌላው አካሉ በአራት የተለያዩ ተራሮች ላይ ወጣ፤ በእነዚያም ቤተ መቅደስ ቆሟል። አምላኩ የሚሸሽበት፣ ይቅርታ ፈላጊው የሚከተልበት ታሪክ ነው። ስለዚህ ተሳላሚው ዳገቱን የሚቆጥረው እንደ መከራ ብቻ አይደለም፤ ደጅ መጥናት ነው፤ ድካሙ ራሱ የመባው አካል ነው። እላይ ሲደርስ ድንጋዩን በእጁ ቅቤ ይቀባዋል።

ባድሪናት በአላክናንዳ ወንዝ ዳር፣ ኒልካንት በተባለው በረዷማ ጫፍ ሥር ይገኛል። ወደ ውስጥ ከመገባቱ በፊት ከቤተ መቅደሱ በታች ባለው ፍል ውሃ መታጠብ ግድ ነው። ምስሉ ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ፣ በተመስጦ የተቀመጠ ቪሽኑ ነው። በትውፊቱ ከወንዙ አውጥቶ ያቆመው በ8ኛው መቶ ዘመን እንደኖረ የሚነገርለት ፈላስፋ ሻንካራ ነው። ሻንካራ የተወለደው በሕንድ ደቡብ ጫፍ፣ በኬረላ ነው፤ በ32 ዓመቱ በኬዳርናት እንዳረፈ ይታመናል። ውርሱ በአንድ ደንብ ይታያል፦ የባድሪናት ራዋል ምንጊዜም ከኬረላ ናምቡዲሪ ብራህሚኖች የሚመረጥ፣ ሚስት የሌለው ሰው ነው። የኬዳርናት ራዋል ደግሞ ከካርናታካ የቪራሻይቫ ማኅበረሰብ ይመጣል። በሞቃት የባሕር ዳርቻ ያደገ ካህን በአገሩ ሌላ ጫፍ ያለውን የበረዶ ደጅ ይከፍታል። ባድሪናት ከዚህ ጉዞ ሌላ፣ ከፑሪ፣ ከራሜስዋራምና ከድዋርካ ጋር ሆኖ የመላ ሕንድን አራት ማዕዘናት ከሚያመለክቱት ስፍራዎችም አንዱ ነው።

የእግሩ ዘመን

እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ይህን ሁሉ መንገድ መሄድ ማለት ከሪሺኬሽ ተነሥቶ ለሳምንታት በእግር መጓዝ ነበር። የሚወጡት በብዛት በዕድሜ የገፉ ሰዎች ነበሩ። ልጆቻቸውን ድረው፣ ዕዳቸውን ከፍለው፣ ከጎረቤት ተሰነባብተው ይነሣሉ፤ እንደማይመለሱ አስበው የሚወጡም ነበሩ።

መንገዱ የራሱ ድርጅት ነበረው። በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ «ቻቲ» የሚባል ማረፊያ አለ። ባለሱቁ ዱቄትና ቅቤ ለገዛው ሰው ድስቱንና የማደሪያ ጥጉን በነጻ ይሰጣል። ጥቁር ብርድ ልብስ ለባሹ በመባል የሚታወቅ አንድ ባሕታዊ ከነጋዴዎች ገንዘብ እየለመነ በየመንገዱ ማደሪያዎች አሠርቷል፤ በስሙ የተጠሩት ቤቶች ዛሬም ተጓዥ ያሳድራሉ። ከሁሉም የሚደንቀው «ፓንዳ» የሚባሉት የቤተሰብ ካህናት ሥራ ነው። በሃሪድዋር ያሉት ፓንዳዎች የየወገኑን ትውልድ በረጃጅም መዛግብት ጽፈው ይይዛሉ። ተጓዡ የአባቱን መንደር ሲናገር ካህኑ መዝገቡን ገልጦ አያቱ መቼ እንደመጣ፣ ማንን እንዳስከተለ ያነብለታል፤ ከዚያም አዲስ የተወለዱትንና የሞቱትን ያስመዘግበዋል። የባድሪናት ፓንዳዎች መቀመጫ ባጊራቲና አላክናንዳ ተገናኝተው ጋንጋ የሚለውን ስም የሚይዙበት ዴቭፕራያግ ነው።

አደጋውም እውነተኛ ነበር። ወረርሽኝ፣ ናዳ፣ የገመድ ድልድይ፣ አውሬም ጭምር። እ.ኤ.አ. ከ1918 እስከ 1926 ወደ ኬዳርናትና ባድሪናት በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሩድራፕራያግ ዙሪያ አንድ ነብር በይፋ የተመዘገቡ 125 ሰዎችን ገደለ። ለስምንት ዓመት ከፀሐይ ግባት በኋላ በዚያ መንገድ ላይ የሚታይ ሰው አልነበረም። አዳኙ ጂም ኮርቤት ነብሩን በሜይ 1926 የገደለው ተጓዦች በሚያድሩበት ቻቲ አቅራቢያ አድብቶ ነው።

ይህ ሁሉ ሲደመር መንገዱ ራሱ ቁጥር ይመጥን ነበር። ማንም ሕግ ሳያወጣ፣ ርቀቱ፣ ፍርሃቱና የሚዘጋው ደጅ የሚደርሰውን ሰው ልክ ያደርጉታል።

አስፋልቱ ሲመጣ

ለውጡን ያመጣው ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሕንድና ቻይና በሂማላያ ወሰን ተዋጉ። ከዚያ በኋላ የሕንድ መንግሥት ወታደርና ስንቅ ወደ ድንበር የሚያደርስ መንገድ በጥድፊያ ከተራራው ጎን ፈለጠ። ባድሪናትና ጋንጎትሪ በዚያው አቅጣጫ ላይ ነበሩ። ከወታደር ካሚዮን ኋላ አውቶቡስ ተከተለ፤ የሳምንታቱ ጉዞ የቀናት ሆነ። በአሥርት ዓመታት ውስጥ የተጓዡ ቁጥር ወደ ሚሊዮን አደገ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በአንድ ወቅት ብቻ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሆነ።

ሂማላያ በዕድሜ ለጋ ተራራ ነው። የሕንድ ምድር ወደ እስያ መግፋቱን ስላላቆመ ገና ከፍ ይላል፤ ድንጋዩ የተሰባበረ፣ ቁልቁለቱ ልቅ ነው። በሰኔና በነሐሴ መካከል የሚወርደው ኃይለኛ ዝናም ደግሞ ከጉዞው ወቅት ጋር ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በጁን 2013 አጋማሽ ለቀናት ያላባራ ዝናም ጣለ። በጁን 17 ጠዋት ከኬዳርናት በላይ የነበረው የቾራባሪ ሐይቅ ግድቡን ጥሶ ወረደ። ውሃ፣ ጭቃና ቋጥኝ ሠፈሩን ጠራርጎ ወሰደው፤ በኬዳርናት ዳገት እኩሌታ ላይ የነበረችው የራምባራ ማረፊያ ፈጽማ ጠፋች። በክልሉ የሞቱትና የጠፉት ከ5,000 በላይ ሲሆኑ፣ ሠራዊቱና ሌሎች ከ100,000 በላይ ሰዎችን ከተራራው አወረዱ። ቤተ መቅደሱ ግን ቆሞ ተገኘ። ከበስተኋላው ተንከባሎ የቆመ ግዙፍ ቋጥኝ ጎርፉን ለሁለት ከፍሎት ነበር። ምእመናን ቋጥኙን በቢማ ስም ጠርተው ያከብሩታል። መሐንዲሶች በበኩላቸው የግንቡን ጥንካሬና የቆመበትን መሬት ይጠቅሳሉ፦ ጥንት የሠሩት ሰዎች ሕንፃውን ከሁለቱ ጅረቶች መሐል ከፍ ብሎ ባለው ስፍራ ላይ ተክለውታል፤ የተጠረጉት ሆቴሎችና ሱቆች ግን ወደ ውሃው መሄጃ ተጠግተው የተሠሩ ነበሩ።

ከአደጋው በኋላ ግንባታው አልቀነሰም። እ.ኤ.አ. በ2016 አራቱን ስፍራዎች በሰፊ አውራ ጎዳና የሚያገናኝ 889 ኪሎ ሜትር ሥራ ተጀመረ። ተቃዋሚዎች ቁልቁለቱ በዚህ ስፋት መቆረጡ ናዳ ያመጣል ብለው ተከራከሩ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 2021 የመከላከያን ፍላጎት መሠረት አድርጎ ሰፊውን መንገድ ፈቀደ። በኖቬምበር 12 ቀን 2023፣ በዲዋሊ ጠዋት፣ ወደ ያሙኖትሪ የሚወስደውን መንገድ ለማሳጠር ይቆፈር የነበረው የሲልክያራ ዋሻ ተናደ፤ 41 ሠራተኞች ከውስጥ ቀሩ። ያሙኖትሪ በዓመታዊ ልማዷ ስትዘጋ እነርሱ ገና ከተራራው ሆድ ነበሩ። ትልቁ መቆፈሪያ ማሽን ከተሰበረ በኋላ፣ በጠባብ ጉድጓድ ከሰል ማውጣት የለመዱ ሰዎች የቀረውን በእጅ ቆፍረው በ17ኛው ቀን ሁሉንም በሕይወት አወጧቸው።

በዚያው ዓመት በጃንዋሪ የባድሪናት አምላክ የበረዶ ወራት መቀመጫ የሆነችው ጆሺማት ክፉኛ ተሰነጣጠቀች። ከ800 በላይ ሕንፃዎች ተተረተሩ፤ ቤተሰቦች ቤታቸውን ለቀቁ። ከተማዋ የተቀመጠችው በጥንታዊ ናዳ ክምር ላይ እንደሆነና ከባድ ግንባታ እንደማይስማማት አንድ የመንግሥት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1976 አስጠንቅቆ ነበር።

የሚዘጋ ደጅና የማይዘጋ መንገድ

እ.ኤ.አ. በማርች 5 ቀን 2025 የሕንድ ካቢኔ ከተራራው ሥር ካለችው ከሶንፕራያግ ተነሥቶ ኬዳርናት የሚደርስ 12.9 ኪሎ ሜትር የገመድ መጓጓዣ አጸደቀ። ስምንት ዘጠኝ ሰዓት የሚፈጀውን መንገድ ወደ 36 ደቂቃ ያወርደዋል፤ በቀን 18,000 ሰው እንዲያደርስ ታቅዷል። በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ የጋንጋ የበረዶ ወራት መቀመጫ በሆነችው በሙክባ ተገኝተው ሕዝቡ በዚያም ወቅት እንዲመጣ ጋበዙ። ሁለቱ ውሳኔዎች አንድ አቅጣጫ አላቸው፦ በተከፈተው ወቅት ብዙ ሰው፣ በተዘጋውም ወቅት ደግሞ ሰው እንዳይቀር።

ይህን የስግብግብነት ሥራ ብቻ ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። በቅሎ ነጂው፣ ተሸካሚው፣ ሻይ ሻጩና የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቱ የዓመት ቀለባቸውን በስድስት ወር ውስጥ ማግኘት አለባቸው። ሥራ አጥቶ ወጣቱ ወደ ሜዳው ከተሞች ስለሚፈልስ በኡታራክሃንድ ሰው አልባ የሆኑ መንደሮች አሉ። እግሯ የማይታዘዛት አሮጊት ገመዱ ባይኖር ኬዳርናትን ሳታይ ልትሞት ትችላለች። በእምነቱ አምላኩን በዓይን ማየት፣ በእርሱም መታየት፣ ራሱ በረከት ነው፤ ለእርሷ 36 ደቂቃው የእምነት መቅለል አይደለም።

መንግሥትም ቁጥሩን ለመግታት ሞክሯል። ተጓዥ ሁሉ አስቀድሞ እንዲመዘገብ ያዛል፤ በየስፍራው የቀን ገደብ ለማበጀትም ሞክሯል። ይሁን እንጂ ገደብ በየዓመቱ በሆቴል ባለቤቶች፣ በካህናትና በፖለቲከኞች ድርድር ይላላል። የጥንቱ መዝጊያ ግን ለድርድር አይቀርብም ነበር፤ ወቅቱን ለአማልክት ስለሰጠው የሚከራከረው ሰው አልነበረም። በአዲሱ ዘመን ያንን ቦታ የሚይዝ ነገር ገና አልተገኘም።

ኬዳርናት ያለበት ሸለቆ በ2013 ከነበረው የሰፋ አይደለም። ከላዩ የበረዶ ግግር አለ፤ ከታቹ ልቅ አፈር፤ መውጫው አንድ ነው። በቀን 18,000 ሰው ወደዚያ ማድረስ የምሕንድስና ጥያቄ ነው፤ መልሱም ተገኝቷል። ዝናሙ ከበረታ፣ ገመዱ ከቆመ፣ ሄሊኮፕተር በደመና መነሣት ካልቻለ፣ ያንን ሁሉ ሰው በሰዓታት ውስጥ ማውረድ ይቻል እንደሆነ ግን የሚፈተነው በአደጋው ቀን ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አዲስ መንገድ መቅረብ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ስንት ሰው ያወጣል የሚለው አይደለም፤ በክፉ ቀን ስንቱን ያወርዳል የሚለው ነው።